የእንዶድ አረፋ ስንት ይመዝናል? ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እና በአባታቸው ስም የሚጠራው ሞለኪውል

የኢትዮጵያን ስም በዓለም ካስጠሩ ሰዎች መካከል የአርበኞቻችንንና የሯጮቻችንን ስም የማያውቅ በመካከላችን የለም። የሳይንቲስቶቻችሁን ስም ጥሩ ብንባል ግን ብዙዎቻችን ከአንድ ወይም ከሁለት አናልፍም። ከሚጠሩት ጥቂቶች ደግሞ ቀዳሚው ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው። እንዶድ ብልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቁ ሰው መሆናቸውን አብዛኛው ሰው ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ምን እንደ ደረሰ፣ ግኝቱ ለምን ለብዙ ዓመታት በክርክር ታንቆ እንደ ቆየ፣ የእንዶድም ምሥጢር የተመዘነው እኛ ዛሬ ከምንኖርበት ከዚህ ባሕረ ሰላጤ ማዶ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

የእኚህን ሰው ታሪክ ዛሬ እንድናነሳ ያደረገን ሌላም ምክንያት አለ። በኦክላንድ በፍሩትቬልና በአካባቢው የሚያድጉ ልጆቻችን ኬሚስትሪ ሲጀምሩ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሁለት ቃላት ጋር ይጋጫሉ፤ አቶሚክ ማስ እና ሞላር ማስ። ብዙ ልጆች ቀመሩን ሸምድደው ፈተናውን ያልፋሉ እንጂ ነገሩ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባቸውም። እኛ ወላጆችም ከሥራ ደክመን ስንገባ የምናስረዳበት ምሳሌ ያጥረናል። መጻሕፍቱ የሚሰጡት ምሳሌ የገበታ ጨው፣ ውሃና ስኳር ነው። የእኛ ልጆች ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ የራሳቸው ምሳሌ አላቸው። ምሳሌውም ከነታሪኩ የአክሊሉ ለማ ሕይወት ነው።

አድዋ፣ እ.ኤ.አ. 1964

ፕሮፌሰር አክሊሉ የተወለዱት ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በምትሰናዳበት ዘመን ነው። ለትምህርት ሲደርሱ አገሪቱ ከወረራው ወጥታ ትምህርት ቤቶቿን እንደ ገና የምታቋቁምበት፣ ጎበዝ ተማሪዎችንም ወደ ውጭ አገር የምትልክበት ጊዜ ነበር። እሳቸውም ወደ አሜሪካ መጥተው ሲማሩ ቆይተው የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በባልቲሞር ከሚገኘው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። ልዩ ሙያቸው በሰው ላይ የሚኖሩ ጥገኛ ተውሳኮች ጥናት ነበር። ምርምራቸውን ያደረጉት ደግሞ በራሳቸው አገር በሽታ ላይ ነው።

ብልሃርዝያ በውሃ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ትል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይሄድም፤ ዕድገቱን የሚጨርሰው በወንዝና በሐይቅ በሚኖር ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ካለፈ በኋላ ነው። ከቀንድ አውጣው የወጣው ዕጭ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ አድጎም እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ በሰገራ ወይም በሽንት ተመልሶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዑደቱ እንደ ገና ይጀምራል። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፣ ከብት የሚያጠጡ እረኞች፣ የሚዋኙ ልጆች፣ በመስኖ የሚያርሱ ገበሬዎች ሁሉ የዚህ ትል ዒላማ ናቸው። በሽታው አንጀትንና ጉበትን፣ አንዳንዱም ዓይነት ፊኛን ይጎዳል፤ በዓለምም ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብን የሚመለከት ነው። ከዚህ ዑደት ቀንድ አውጣው ከወጣ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

አክሊሉ የቀንድ አውጣዎቹን አኗኗር ለማጥናት እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ሄዱ። በወንዙ ዳር ሴቶች እንደ ልማዳቸው በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እንዶድ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነጠላና ጋቢ የሚያነጣ፣ የፋብሪካ ሳሙና ከመምጣቱ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ያገለገለ ቁጥቋጦ ነው። ወጣቱ ተመራማሪ ግን አንድ ልዩ ነገር አስተዋሉ። ልብስ ከሚታጠብበት በታች በኩል ውሃው ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል፤ ከዚያ በላይ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ። ሕያዋኑን አስለቅመው በእንዶዱ አረፋ ውስጥ ቢያስጨምሩ እነሱም ሞቱ። 

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። እንዶድን ያገኙት አክሊሉ አይደሉም፤ እንዶድ የእናቶቻችን ዕውቀት ነው። የአክሊሉ ድርሻ አረፋውንና የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች በአንድ ዓይን አይቶ ማያያዝ፣ ቀጥሎም ማንም ሊክደው በማይችል መንገድ ማረጋገጥ ነበር። ማየቱ የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን ማረጋገጡ ቀሪ ዕድሜያቸውን በሙሉ ወሰደባቸው።

እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስም በዚያው በአድዋ ከተማ እንዶድን በወንዞቹ ውስጥ እየጨመሩ አምስት ዓመት የፈጀ ሙከራ አካሄዱ። ውጤቱም የሚያስደንቅ ነበር። በትንንሽ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ፣ በጠቅላላው ሕዝብ ላይ ደግሞ ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ሕፃናቱ ላይ የታየው ቅነሳ በተለይ ትርጉም አለው። አዋቂው ቀድሞ የያዘውን ትል ለዓመታት ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሕፃኑ ላይ የሚታየው ግን በቅርቡ የተላለፈው በሽታ ነው። ሕፃናቱ ካልተያዙ ወንዙ ነፃ እየሆነ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ሥራው አለቀ ያሰኛል። አላለቀም። ዓለም አክሊሉን አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው፤ ስንት? በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ስንት? ገዳዩ ነገር በትክክል ምንድን ነው? ከአንዱ ቁጥቋጦ የተለቀመው ፍሬና ከሌላው የተለቀመው እኩል ኃይል አላቸው? አንድ እፍኝ እንዶድ ብሎ መልስ መስጠት አይቻልም። የእፍኝን ዕውቀት ወደ ቁጥር ለመለወጥ ኬሚስትሪ አስፈለገ።

ከፍሩትቬል ማዶ

ፍሩትቬል የሚለው ስም የፍሬ ሸለቆ እንደ ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠፈሩ የቼሪና የሌሎች ፍራፍሬዎች እርሻ ስለ ነበር ስሙን ከዚያ አገኘ። ዛሬ እርሻው የለም፤ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ከዚህ ተነሥተን በ880 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ሄደን፣ የደምባርተንን ድልድይ ብንሻገር ሜንሎ ፓርክ እንደርሳለን። መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት አይሞላም። ያኔ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይባል የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1977 ስሙን የቀየረው ድርጅት የሚገኘው እዚያ ነው። የአገራችን ፍሬ ፈርሶ፣ ተጣርቶ፣ ተመዝኖ ስም የወጣለት በዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 አክሊሉ ከዚህ ተቋም ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ቡታኖል በተባለ አልኮል የተጣራው የእንዶድ ውጤት ኃይሉ እጅግ እንደሚጨምር አሳተሙ። ቀጥሎም በ1973 እና በ1974 ፓርክኸርስትና ባልደረቦቹ ከእንዶድ ፍሬ ውስጥ ቀንድ አውጣውን የሚገድሉትን ውህዶች አንድ በአንድ ለይተው አወጡ። ከእነዚህ አንዱን ለአክሊሉ ክብር ለማቶክሲን አሉት።

ስሙን ልብ በሉልን። እኛ ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም የለንም፤ የምንጠራው በራሳችን ስም ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የአባታችን ስም ነው። ፈረንጁ ግን የመጨረሻውን ስም ይወስዳል። ስለዚህ ሞለኪውሉ የተጠራው በአክሊሉ ሳይሆን በአባታቸው በአቶ ለማ ስም ነው። በዚህ አገር በየመሥሪያ ቤቱ በአባታችን ስም የምንጠራ ሁሉ ነገሩ ይገባናል። በኬሚስትሪ መዝገብ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት ሳያስበው ስሙ ለዘለዓለም ገባ።

አቶሚክ ማስና ሞላር ማስ

አሁን ወደ ልጆቻችን የቤት ሥራ እንመለስ። ነገሩን ከእህል ገበያ እንጀምር። ጤፍ የሚሸምት ሰው ፍሬውን አይቆጥርም፤ ያስመዝናል። የአንዷ ፍሬ ክብደት ቢታወቅ ግን በኩንታሉ ውስጥ ስንት ፍሬ እንዳለ በማካፈል ማወቅ ይቻላል። ኬሚስቱም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ውህዶች እርስ በርስ የሚሠሩት በቁጥር ነው፤ አንድ ሞለኪውል ከአንድ ወይም ከሁለት ጋር። በእጃችን ያለው መሣሪያ ግን ሚዛን ነው። ስለዚህ በመመዘን መቁጠር አለብን።

አቶሚክ ማስ የአንድ አቶም ክብደት ነው። አቶም በጣም ኢምንት ስለ ሆነ በግራም ብንናገረው ቁጥሩ አስቸጋሪ ይሆናል፤ ስለዚህ ራሱን የቻለ መለኪያ ተበጀለት። እ.ኤ.አ. በ1961 ዓለም በአንድ ሐሳብ ተስማማ፤ ካርቦን 12 የተባለው አቶም ክብደት ልክ 12 ይሁን፣ የቀሩትም ከእሱ ጋር ይነጻጸሩ ተባለ። በዚህ መለኪያ ሃይድሮጅን 1.008፣ ኦክስጅን 15.999 ይመዝናል።

ተማሪው ለምን ሙሉ ቁጥር አልሆነም ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክል ነው። የዚህ አንዱ ምክንያት በተፈጥሮ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች ሁሉ እኩል የማይመዝኑ መሆናቸው ነው። ክሎሪንን ብንወስድ ከመቶ 76 ያህሉ ወደ 35፣ ቀሪዎቹ 24 ያህሉ ወደ 37 ይመዝናሉ። በሠንጠረዡ ላይ የተጻፈው 35.45 የሁሉም አማካይ ነው፤ አንድም የክሎሪን አቶም ለብቻው 35.45 አይመዝንም። ካርቦንም በሠንጠረዡ ላይ 12.011 የሆነው ከበድ ያሉ ጥቂት ወንድሞች ስላሉት ነው።

ሞል ደግሞ እንደ ደርዘን ያለ የቁጥር ስም ነው። ደርዘን 12 ነው፤ ሞል ግን 602,200,000,000,000,000,000,000 ያህል ነው። ይህ ግዙፍ ቁጥር የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። የአንዱ አቶም ክብደት በአቶም መለኪያ ስንት ከሆነ፣ የአንድ ሞል አቶም ክብደት በግራም ያንኑ ቁጥር እንዲሆን ታስቦ ነው። አንድ የካርቦን አቶም በአማካይ 12.011 የአቶም መለኪያ ይመዝናል፤ አንድ ሞል ካርቦን 12.011 ግራም ይመዝናል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ መለኪያው ግን ይለያያል። ልጆቻችንን የሚያደናግራቸውም ይኸው ነው። ደርዘን እንቁላልና ደርዘን ሎሚ ቁጥራቸው እኩል ሆኖ ክብደታቸው እንደሚለያይ ሁሉ፣ አንድ ሞል ካርቦንና አንድ ሞል ኦክስጅን ቁጥራቸው እኩል ነው፤ ሚዛን ላይ ግን እኩል አይሆኑም። የአንድ ሞል ክብደት በግራም ሲነገር ሞላር ማስ ይባላል።

እንግዲህ የአቶ ለማን ስም የያዘውን ሞለኪውል እንመዝን። ለማቶክሲን 48 የካርቦን፣ 78 የሃይድሮጅን፣ 18 የኦክስጅን አቶሞች አሉት።

ካርቦን፦ 48 ሲባዛ በ12.011፣ 576.528
ሃይድሮጅን፦ 78 ሲባዛ በ1.008፣ 78.624
ኦክስጅን፦ 18 ሲባዛ በ15.999፣ 287.982
ድምር፦ 943.134

ስለዚህ የለማቶክሲን ሞላር ማስ 943 ግራም ያህል ነው። አንድ ልጅ ካርቦንን 12፣ ሃይድሮጅንን 1፣ ኦክስጅንን 16 ብሎ ቢያጠጋጋ 942 ያገኛል። ለአንድ አቶም ከቁጥር የማይገባ የነበረ ጥቃቅን ልዩነት፣ አቶሞቹ ብዙ ሲሆኑ አንድ ሙሉ ግራም እንደሚያጎድል ከዚህ ያያል።

ይኸው ቁጥር በሌላ መንገድም ይገኛል፤ መንገዱም አረፋው ከየት እንደሚመጣ ይነግረናል። ሞለኪውሉ ኦሊያኖሊክ አሲድ የተባለ እንደ ቅባት ውሃ የሚሸሽ አካል አለው፤ ክብደቱ 456.711 ነው። በእሱ ላይ እያንዳንዳቸው 180.156 የሚመዝኑ ሦስት ስኳሮች ተያይዘዋል። ስኳር ሲያያዝ አንድ ሞለኪውል ውሃ ይወጣል፤ ውሃ 18.015 ስለሚመዝን እያንዳንዱ ስኳር የሚጨምረው 162.141 ብቻ ነው። የሦስቱን ደምረን ከአሲዱ ጋር ስናስቀምጥ እንደ ገና 943.134 እናገኛለን። አንደኛው ጫፍ ውሃ ይሸሻል፣ ሌላኛው ጫፍ ውሃ ይወዳል፤ ሳሙና የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። እናቶቻችን ሳፖኒን የሚለውን ስም ሳይሰሙ ለዘመናት የተጠቀሙበት ባሕርይ ይኸው ነበር።

ሚዛን ግን ሁሉን አይናገርም። ተመራማሪዎቹ ከዚያው ፍሬ ኦሊያኖግላይኮቶክሲን የተባለ ሌላ ውህድ አውጥተዋል። እሱም 48 ካርቦን፣ 78 ሃይድሮጅን፣ 18 ኦክስጅን አለው፤ ክብደቱም ያው 943 ነው። ይሁንና ስኳሮቹና የተያያዙበት መንገድ ስለሚለያይ ሌላ ውህድ ነው። ሞላር ማስ ስንት እንዳለ ይነግረናል፤ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

ግራም ለግራም

ይህ ሁሉ ስሌት በክርክሩ ውስጥ ምን ይፈይዳል? ብዙ ይፈይዳል። በዚያን ጊዜም ሆነ ዛሬ ቀንድ አውጣን ለመግደል በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ኒክሎሳማይድ የተባለ የፋብሪካ ኬሚካል ነው። ድሃ አገሮች የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው። እንዶድ ከእሱ ጋር ሲወዳደር አንድ ሊትር ውሃ ስንት ሚሊግራም ይፈልጋል ተብሎ ነበር። በዚህ መለኪያ ኒክሎሳማይድ ጥቂት ሲበቃው የእንዶድ ፍሬ ዱቄት በርከት ያለ ይጠይቃል። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው እንዶድ ደካማ ይመስላል።

አሁን ግን ሞላር ማስን እንጠቀም። ኒክሎሳማይድ 13 ካርቦን፣ 8 ሃይድሮጅን፣ 2 ክሎሪን፣ 2 ናይትሮጅን፣ 4 ኦክስጅን አለው፤ ክብደቱ 327 ነው። የለማቶክሲን 943 ነው። ስለዚህ አንድ ግራም ኒክሎሳማይድ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች በአንድ ግራም ለማቶክሲን ውስጥ ካሉት ሦስት እጥፍ ሊሆኑ ትንሽ ነው የሚቀራቸው። ግራም ለግራም ስናወዳድር አንድ ወታደር ከሦስት ወታደር ጋር እያወዳደርን ነበር ማለት ነው። በዚህ ላይ የእንዶድ ዱቄት ሁሉ ለማቶክሲን አይደለም፤ ብዙው የፍሬው ገለባና ሌላ ነገር ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን የሌላውንም ወገን እንናገር። ወንዝ የሚያክም ሰው የሚሸከመው ሞል ሳይሆን ኪሎ ነው። ዱቄቱ ብዙ ከሆነ ማጓጓዙ ያደክማል። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ በውሃም ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ይበሰብሳል። ይህ የመጨረሻው ለአካባቢው ደግ ነው፤ ለሥራው ግን መደጋገምን ይጠይቃል። አክሊሉ ራሳቸው እንዶድን ለሁሉ የሚሆን ተአምር አድርገው አልሸጡትም። የጠየቁት ድሃ ሕዝብ በጓሮው የሚያበቅለው መድኃኒት በትክክለኛ ሚዛን ይመዘን ብለው ብቻ ነው።

ከየቦታው የሚለቀመው ፍሬ እኩል ኃይል የለውም የሚለው ጥያቄም መልስ ይሻ ነበር። ይህን ሸክም የተሸከሙት የሥራ ባልደረባቸው የግብርና ሳይንቲስቱ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ከየአገሩ ክፍል የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን እያበቀሉ፣ እያወዳደሩ፣ ዓይነት 44 በመባል የሚታወቀውን ኃይለኛና ብዙ ፍሬ የሚሰጥ ዝርያ መረጡ። አንዱ በሞለኪውል፣ ሌላው በማሳ ላይ፣ ሁለቱም አንዱን ጥያቄ ሲመልሱ ኖሩ።

የማን ቁጥር ይታመናል?

ይሁን እንጂ የአክሊሉ ትልቁ ትግል ከቀንድ አውጣ ጋር አልነበረም። የአድዋው ውጤት ከታወቀ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት እንዶድን ለመደገፍ ለብዙ ዓመታት አመነታ። ለሰውና ለእንስሳት አለመመረዙ በዘመናዊ ደረጃ በታወቀ ቤተ ሙከራ መረጋገጥ አለበት ተባለ። ጥያቄው በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ሕዝብ በሚጠጣው ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ችግሩ ሌላ ነበር። ድሃ አገር እንዲህ ያለውን ቤተ ሙከራ ለማቋቋም ገንዘብ የለውም፤ ገንዘቡን የሚሰጡትም ምርመራው ካላለቀ አንሰጥም ይላሉ። በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ ውስጥ እንደ ቀረበት ቤት ማለት ነው።

በኋላ በ1980ዎቹ በካናዳ መንግሥት የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ሰጥቶ የመርዛማነቱ ምርመራ ተካሄደ። እንዶድ ዓይንን ቢያቃጥልም በሚጨመርበት መጠን ለሰውና ለከብት የሚያሰጋ አለመሆኑ ታየ። ከአድዋው ወንዝ ዳር እስከዚያ ድረስ ግን ሃያ ዓመት አልፏል። በዚያ ሃያ ዓመት ውስጥ ስንት ሕፃን ወንዝ ገብቶ በሽታ ይዞ እንደ ወጣ እግዚአብሔር ይወቀው።

አክሊሉ በዚህ መካከል ከአብዮቱ በኋላ አገራቸውን ለቀው በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ለልማት ዘርፍ ሠሩ። ቀጥሎም በኢጣልያ በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል አገለገሉ። የመሠረቱት ተቋም አዲስ አበባ ሲቀር እሳቸው ውጭ ቀሩ። ይህ ታሪክ ለማናችን እንግዳ ነው? በመካከላችን ያለው መምህር፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ ሁሉ ቤተ ሙከራውን ወይም ክፍሉን አገር ቤት ትቶ የመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉና ለገሠ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በስቶክሆልም ተቀበሉ። አክሊሉ በዚያ መድረክ ላይ የተናገሩት ስለ ራሳቸው ጀግንነት አልነበረም። ዋናው እንቅፋት የሳይንስ ጉድለት ሳይሆን በአፍሪካ ምድር፣ በአፍሪካውያን እጅ የተሠራ ምርምር ያለ ምክንያት የማይታመን መሆኑ እንደ ሆነ አስረዱ። መፍትሔውንም በዚያው ጠቆሙ። አፍሪካ የራሷን ቤተ ሙከራዎችና የራሷን ተመራማሪዎች ማጠንከር አለባት አሉ። ሌላ ሰው መዝኖ እስኪሰጠን የምንጠብቅ ከሆነ ዋጋችንን የሚነግረን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይሆናል።

ፍሬው የማን ነው?

የታሪኩ የመጨረሻ ምዕራፍ ደግሞ ወደ ኦሃዮ ይወስደናል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፓ በመርከብ የመጣ የሜዳ አህያ የመሰለ ዥንጉርጉር ትንሽ ዛጎለ ለበስ እንስሳ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ተራብቶ የውሃ ቧንቧዎችን መዝጋት ጀመረ። እንዶድ ይህንንም እንስሳ እንደሚገድል በቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ1993ም በዚህ አጠቃቀም ላይ የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠ። ለቀንድ አውጣው ለዘመናት የጠፋው ትኩረት የሀብታም አገር ቧንቧ ሲዘጋ በጥቂት ዓመታት ተገኘ።

ፓተንቱ በዓለም ዙሪያ ክርክር አስነሣ። የእንዶድን ኃይል በመጀመሪያ ያወቁት የገጠር ሴቶች ናቸው፤ የእነሱ ስም በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም። ዛሬ ባዮፓይረሲ እየተባለ የሚጠራውን ነገር የሚያስተምሩ ሁሉ የእንዶድን ታሪክ ምሳሌ ያደርጉታል። ሌላው የአገራችን ልጅ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ለማኅበረሰቦች ዕውቀትና ለዕፀዋት ሀብታቸው መብት በዓለም መድረክ ሲሟገቱ ኖረው በ2000 ያንኑ ሽልማት ተቀብለዋል። አገራችንም በ2006 ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482ን አውጥታለች። አዋጁ መውጣቱ መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ የሚጠብቀው ምን እንዳለን ስናውቅ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላሉ አበው። ወርቁን ከመዳብ የሚለየው ደግሞ ሚዛን ነው።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1997 በስደት አገር አረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተብሎ ይጠራል። ብልሃርዝያን የሚያድን ክኒን ፕራዚኳንቴል በየትምህርት ቤቱ ይታደላል። ክኒኑ ሕመምተኛውን ይፈውሳል እንጂ ወንዙን አያጸዳም፤ ልጁ ወደዚያው ውሃ ሲመለስ እንደ ገና ይያዛል። ስለዚህ አክሊሉ በአድዋ ወንዝ ዳር ያነሱት ጥያቄ አሁንም ሙሉ መልስ አላገኘም። እንዶድም እስከ ዛሬ በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም።

እኛ ስደተኞች ስለ አገራችን ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንናገረው በእፍኝ ነው። እጅግ ሀብታም ነን፣ ሁሉ ነገር አለን እንላለን። ስንት? የት? በምን ተመዝኖ? ስንባል ዝም እንላለን፤ ወይም እንቆጣለን። አክሊሉ ግን አልተቆጡም፤ መዘኑ። ፌዝ ሲደርስባቸው አንድ ቁጥር ጨመሩ፤ በር ሲዘጋባቸው ሌላ በር አንኳኩ። የሚታገሉለት ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ጉዳይ ስለ ነበር ትግላቸው በጩኸት ብቻ እንዲቀር አልፈቀዱም። ለፍትሕና ለነፃነት የምንታገል ሁሉ ከዚህ የምንማረው አለ። ማስረጃችን ሌላው ሰው በራሱ ሚዛን ላይ አድርጎ ሊመዝነው የሚችል መሆን አለበት።

እንግዲህ በፍሩትቬል፣ በሳን ሆዜም ሆነ በሌላ ሥፍራ የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጃችሁ የሞላር ማስ የቤት ሥራ ይዞ ሲመጣ ከጨውና ከስኳር ቀጥሎ 48 ካርቦን፣ 78 ሃይድሮጅን፣ 18 ኦክስጅን ያለውን ሞለኪውል አስልቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። 943 ላይ ሲደርስ የማን ስም እንደ ሆነ፣ ፍሬውም ከየት እንደ መጣ ንገሩት። ምናልባት ከእነዚህ ልጆች አንዷ ወይም አንዱ የጀመሩትን የሚጨርስ፣ ሚዛኑንም አገሩ ላይ የሚተክል ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።